«አስቦ አይደለም» አትበሉኝ

«ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ስላለው ነፍስ አልባ ደም መጣጭ፣ ስለ ስፓይክ፣ በተነሣ ቁጥር ያው መልስ ይመጣል፦ «ባፊን ሊጎዳት አስቦ አይደለም፤ ደግሞስ ነፍሱን ለማግኘት ያን ሁሉ መከራ ተቀብሎ የለም?» ሰልችቶኛል! እ.ኤ.አ. በ2002 በታየው የድራማው ስድስተኛ ምዕራፍ ይህ ደም መጣጭ ዋናዋን ባለታሪክ፣ ደም መጣጮችን የምታድነውን ባፊን፣ በገዛ መታጠቢያ ቤቷ ሊደፍራት ታገላት። እያለቀሰች «ተው» አለችው፤ አልተወም። ያስቆመው ኅሊናው ሳይሆን የእርሷ እግር ነው፤ ረግጣ አሽቀነጠረችው። ፍቅሯን ፈልጎ ነው ይሉኛል። ታዲያ ፍቅር መፈለጉ ወለሉ ላይ ወድቃ ለምትለምን ሴት ምን ይፈይድላታል?

አፍሪካ ድረስ ሄዶ በዋሻ ውስጥ መፈተኑን አልክድም። ያን ክፍል ሳይ እኔም አዝኜለታለሁ። ነገር ግን ነፍስ ካገኘ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ኒው ዮርክ ውስጥ የገደላት፣ እንደ ባፊ ደም መጣጮችን ታድን የነበረችው የኒኪ ዉድ ልጅ ሮቢን ፊት ለፊቱ ሲቆም፣ ለይቅርታ አፉ አልተፈታም። ሮቢን ሊገድለው መሞከሩ እውነት ነው። ቢሆንም እናቱን ለቀማው ልጅ፣ እናትህ ከአንተ ይልቅ ተልእኮዋን መርጣለች ብሎ መናገር ምን ዓይነት ጸጸት ነው?

ክርክሩ ሁሌም ስለ እርሱ ነው፤ ምን አሰበ፣ ምን ያህል ተሠቃየ፣ ምን ያህል ወደደ። ባፊ ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው፣ ሮቢን ያለ እናት እንዴት እንዳደገ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም።