ምርቃት ተብሎ የተበሳ ፓራፋንጎ

አሁን ገና አዘዞ ካለው ጋራዥ እቤት ገባሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ነገ ብጽፈው ረጋ እል ይሆናል፤ ግን እስከ ነገ ሆዴ አይችለውም። ስለ ላንድሮቨሬ ነው። አዎ፣ እንደገና።

የሰጠኋቸው ሥራ አንድ ነው። አንድ! ከሻንሲው (መኪናዋን ከሥር ከሚሸከመው አጽም) ወደ ጎን ወጥቶ ጋቢናውን የሚሸከመው ክንድ ተሰንጥቋል፤ እሱን በይዱልኝ አልኩ። ሻንሲዋ ብረት ነው፣ ብየዳ ይቀበላል። «ባትሪውን ንቀሉ፣ ስንጥቁን በደንብ ሞርዱት፣ ከዚያ በይዱት። ሌላ ምንም እንዳትነኩ» አልኩ። በጣቴ እያሳየሁ። ለማስተሩም (ለዋናው መካኒክ) ለሚሠራው ልጅም።

ከሰዓት ስመለስ የግራ ፓራፋንጎዋ (የፊት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው አካል) ላይ የብረት ላሜራ በሪቬት ተመትቶ፣ ዙሪያውን በስቱኮ ተለስኖ ጠበቀኝ።

ፓራፋንጎው ምን ነበረበት? ትንሽ ስንጥቅ። አውቃታለሁ። በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው እስካገኝ ብዬ ሆን ብዬ የተውኳት ስንጥቅ ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ልጁን።

«ምርቃት ነው ጋሼ። አላስከፈልንዎትም።»

ምርቃት!

«ማን ንካ አለህ?»

«ተሰንጥቆ አየነዋ። መጀመሪያ በኤሌክትሮድ ልንይዘው ነበር፣ ቀለጠብን። ከዚያ በላሜራ ሸፈንነው። አሁን ከድሮው ይጠነክራል።»

ቀለጠብን። በአርባ አራቱ ታቦት፣ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። የእኔ ስንጥቅ የጥፍር ያህል አልነበረችም። እነሱ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍተው፣ ቀዳዳውን ሸፍነው፣ አመስግነን ይሉኛል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አሉሚኒየም ነው።»

«ያው ብረት ነው ጋሼ።»

ያው አይደለም! አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ብረት ለመቅለጥ ከ1500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በብረት ኤሌክትሮድ አሉሚኒየምን አትበይደውም፣ ትበሳዋለህ። አሉሚኒየም ላይ ብረት ለጥፈህ መሀሉ ውሃ ከገባ ደግሞ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት እየሆነ ከውስጥ ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር እንዴት እንደሚዘንብ የማያውቅ የለም። ያ ስቱኮ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ቁጭ ይላል። ከላይ ያማረ ቀለም፣ ከሥር የሚበሰብስ ፓራፋንጎ።

ደግሞ እኮ ፓራፋንጎው በቡሎን ነው የታሰረው! የግድ ልንካው ካሉ ፈትተው አውርደው፣ ደውለው ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር። ስልኬ እጃቸው ላይ ነው። ብር ሲፈልጉ ይደውላሉ።

ቆርቆሮ ለምትሏት ሁሉ ልንገራችሁ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀርብ እንግሊዝ ከጦርነት ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ብረት በራሽን ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አካሏን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። የችግር ዘዴ ነበር፤ ግን የዚያን ዘመን ስንት መኪና ዝጎ አፈር ሲሆን እሷ የቆመችው በዚያ ምክንያት ነው። የኔዋ ባለ 109 ኢንች (ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ማለት ነው) ፒካፕ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠራው ከሦስተኛው ሲሪስ። ሞተሯ ዛሬም የራሷ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2286 ሲሲ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። አዲስ ደብል ጋቢና ይዞ ዘይት ሊያስቀይር የመጣ አንድ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ማንም ሳይጠይቀው ገባ።

«ወንድሜ፣ በምን ትጨቃጨቃለህ? እሷ እኮ ብትቀልጥ ስንት ድስት ይወጣታል?»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ሳቀ። ጎማ የሚነፋው ሕፃን ሳይቀር ሳቀ። ማስተሩ፣ እኔ በአክብሮት አንቱ የምላቸው ሽማግሌ፣ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

«ያንተዋ ሃምሳ ዓመት ሲሞላት እንነጋገራለን» አልኩት።

«ሃምሳ? እኔ በአምስተኛው ዓመት ሸጬ ሌላ እይዛለሁ» አለ። ደግሞ ሳቁ።

ከዚያ ማስተሩ መጡና ትከሻዬን ይዘው፣ «አይ አንተ ልጅ፣ ጊዜ ተርፎሃል። ሽጣትና ባጃጅ ግዛ። ባጃጅ ቢያንስ ታበላሃለች» አሉኝ። የሰውየው ስድብ አላቃጠለኝም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እኒህ ሰው ወጣት ሆነው የመንግሥት ላንድሮቨር ሲፈቱና ሲገጥሙ እንደኖሩ ራሳቸው ነግረውኛል። ካምቢዮዋን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። እኔ ወደዚያ ጋራዥ የምሄደው ለእሳቸው እጅ ብዬ ነው። አውቀው ዝም አሉ። ልጁን «ይሄ አሉሚኒየም ነው፣ ተው» ለማለት አንዲት ቃል ይበቃቸው ነበር። አላወጧትም።

ሻንሲውስ? ተኝቼ ከሥር ገብቼ አየሁት። ሁለት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይዘውት፣ ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተውበታል። ሞረድ የሚባል አልነካውም። ባትሪውም እንደታሰረ ነው። ባትሪ ሳይነቀል ተበይዶ ዲናሞው ቢቃጠል ማን ሊከፍል ነው? የታዘዘው ሥራ በግማሽ፣ ያልታዘዘው በእጥፍ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሂሳብ ተጠየቅኩ። ከፈልኩ። ካልከፈልኩ መኪናዋ አትወጣማ።

ይሄ «ያው ነው» የሚሉት ነገር ሊገድለኝ ነው። ቃል በቃል ሊገድለኝ ነበር። ባለፈው ሌላ ቦታ አንዱ የፍሬን ዘይት ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት ጨመረበት። «ዘይት ያው ነው» ብሎ! የሞተር ዘይት እኮ የፍሬኑን ጎሚኒ አሳብጦ ይበላዋል። ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ገባ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው የቆምኩት። ያን ቀን መንገዱ ላይ ትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ነበሩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ያኔም ሰውየው የመለሰልኝ «ድሮም ፍሬን የላትም» ብሎ ነው።

ሌላው 13 ቁልፍ ይዞ መጣ። የሷ ቡሎን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ነው። 13 ቁልፍ ይገባል፣ የሚይዝ ይመስላል፤ ጠበቅ ያለ ቡሎን ላይ ሲጫኑት ግን ይዞርና ጠርዙን በልቶ ክብ ያደርገዋል። የኢንች ቁልፍ ሙሉ ስብስብ ከመኪናዋ ወንበር ሥር አለ። አውጥቼ ሰጠሁት። «አያስፈልግም፣ ያው ነው» አለና የውሃ ፓምፑን ቡሎኖች አንድ በአንድ አበላሻቸው።

ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ያዘዝኩት የፍሬን ሸራም እንዲሁ። የ109 ብዬ ጽፌ፣ ፎቶ ልኬ፣ በስልክ ደግሜ ተናግሬ፣ የመጣው የአጭሯ የ88 ነው። የ88 ታምቡር 10 ኢንች ነው፣ የ109 ግን 11 ኢንች። እንዴት ይግጠም? መንገዱ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ጠብቆ፣ በሰው በሰው ተለምኖ የመጣ ዕቃ ነው። ነጋዴው ደግሞ «ሞረድ አድርጋት፣ ትገባለች» ይለኛል። ምኑን ነው የምሞርደው? በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ መኪና ያለው ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ካልጠገንን ምን ልንነዳ ነው?

ቆይ፣ ስለ ጥምቀትም ልናገር፤ ከጥር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ አለ። ዓመቱን ሙሉ «ድስት» ሲሏት የከረሙ ሰዎች ጥር 11 ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ፎቶ ይነሱባታል። መነሳቱ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ኮፈኑ ላይ ለምን ትቀመጣላችሁ? ኮፈኗም አሉሚኒየም ነው፣ ይጎደጉዳል። «ተነሺ እህቴ» ስላት «ምነው፣ መኪና ናት እንጂ ታቦት አይደለች» ያለችኝ አለች። ያንን ጉድጓድ በላስቲክ መዶሻ ቀስ በቀስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ደክሞኛል። እኔ እኮ ማንም እንዲያደንቀኝ አልፈልግም። ሰው ከሥራ በኋላ ኳስ ያያል፣ ጫት ይቅማል፣ ካርታ ይጫወታል። እኔ ካርቦራተር አጥባለሁ። የማንንም ብር አልነካሁም። ያረጀ ነገር በትክክል ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል፣ በቃ። እንዲህ ዓይነት ሰው ጎንደር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም። ቤተ መንግሥቱ ሲጠገን ድንጋዩን በሲሚንቶ መርጎ «ያው ነው» የሚል ቢመጣ ሁላችንም እንጮህ የለም እንዴ?

እንግዲህ ነገ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በድሪል አወጣቸዋለሁ። ስቱኮውንም ልጬ፣ ፓራፋንጎውን ራሴ ፈትቼ አወርደዋለሁ። ሻንሲው በሥርዓቱ እስኪበየድ ዕቃ አልጭንባትም። ጎንደርም ይሁን ባሕር ዳር፣ አሉሚኒየም በአርጎን የሚበይድ፣ ከመንካቱ በፊት የሚጠይቅ ባለሙያ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የ109 የግራ ፓራፋንጎ ያለው ሰው ካለም በተመጣጣኝ ዋጋ እወስዳለሁ። «ሽጣት» ልትሉኝ የምትጽፉ ግን ጣታችሁን አታድክሙ። አልሸጣትም።