ክቡር ተወካያችን፣ እንኳን ደስ አለን!

ባለፈው ረቡዕ ማታ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ግቢያችን ውኃ መጣ ተብሎ፣ ጀሪካን ይዘን ከሮቶው ሥር በተሰለፍንበት ሰዓት ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከፊቴ የቆሙት እማማ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉኝ። አውጥቼ ባየው የሞተ ሰው የለም፤ የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም መንደር ነው።

«የለም እማማ፣ አብሮን የተማረ ልጅ ከሥልጣን ወርዶ ነው።»

«ውይ! ምን አጥፍቶ?»

«ምንም። የዓመት ፈቃድ የወጣው አለቃው ተመልሶ።»

እማማ ትንሽ አዩኝና ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸው ዩኒቨርሲቲ አልገቡም።

እናንተ ግን ከአንዱ ግቢ ተመርቃችሁ እንደሆነ እንዲህ ያለ መንደር ነዋሪ መሆናችሁ አይቀርምና፣ የዚህን ድንቅ ባህል ጥቅም ለማስረዳት አልደክምም። በጥንት ዘመን ሰው ለመወደስ አስቀድሞ አንድ ነገር መሥራት ግድ ነበረበት፤ ፎካሪው እንኳ ግዳይ ሳይጥል «ዘራፍ» ቢል ይሳቅበት ነበር። ይህን አድካሚ ቅድመ ሁኔታ ያስቀረልን የምሩቃን መንደር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለ መንደር አለመኖሩን ሳስብ ለነዚያ ሰዎች አዝናለሁ፤ ሠላሳ ሦስቱም በየተራ «እንኳን ደስ አለህ» ቢባባሉ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ከመመለስ ሌላ ምን አማራጭ ይኖራቸዋል?

ወደ ተወካያችን ልመለስ። ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። «የባቻችን ኩራት፣ የግቢያችን ፈርጥ፣ የቡድን መሪነትን ከፍተኛ ኃላፊነት ተረከበ» የሚል ዜና፣ ክብ ማኅተምና ቲተር ካረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ጋር ተለጠፈ። ደብዳቤውን አስፍቶ ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ቡድን መሪው የዓመት ዕረፍት ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ለ15 ቀናት ብቻ ወክሎ እንዲሠራ የሚል መሆኑን ይረዳ ነበር፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ማኅተም ካየ በኋላ ጽሑፍ አያነብም። ቡድኑ አራት ሰዎች አሉት። መሪው ዕረፍት ላይ ናቸው፣ አንዲቱ ባልደረባ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነች፣ አንዱ ራሱ ተወካያችን ነው። ስለዚህ የሚመራው ሕዝብ በቁጥር አንድ ሲሆን፣ እርሱም የመንደራችን አባል በመሆኑና ለዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ስለፈለገ ከሁሉ ቀድሞ «ይገባሃል አለቃዬ!» ብሎ ጽፏል። ከሥልጣኑ ጋር የሰዓት መፈረሚያው መዝገብና የወረቀት ቁምሳጥኑ ቁልፍ ተላልፎለታል።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በሁለተኛው ቀን መዋጮ አሰባሰበ፤ በአራተኛው ቀን ጥቁር ከፋይ ካባ በወርቅማ ጥልፍ አሠራ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ባለ ሥጋ ቤት ግቢ ድንኳን ተጣለ። ከመሐል ከተማ የመጡ ሁለት መኪኖች መታጠፊያውን ስተው የአዳማ ፈጣን መንገድ መክፈያ ድረስ ሄደው ተመለሱ፤ ይህም በመድረክ መሪው «የተከፈለ መሥዋዕትነት» ተብሎ ተመዘገበ። የባለ ዕለቱ የሕይወት ታሪክ ከልደት ጀምሮ ተነበበ፤ ፍሬሽ ሳለ ካፌ ሰልፍ ላይ ተራ ያስከብር እንደነበር፣ የመሪነት ምልክቱም ያኔ መታየቱን አንድ የዶርም ጓደኛው እያለቀሰ መሰከረ። ፎቶው የታተመበት ኬክ ሲቆረስ ቢላዋው ግንባሩ ላይ ዐረፈ። ካባውን ከለበሰ በኋላ፣ በሙቀቱ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ በቀሩት አሥር ቀናት ሊያከናውናቸው ያሰባቸውን የማሻሻያ ሥራዎች ዘረዘረልን። አጨበጨብን። በዚያው ምሽት ደስታቸውን ከገለጹት መካከል ግማሽ ያህሉ ለብቻው በውስጥ መስመር፣ «ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ክፍት የሥራ መደብ የለም?» ብለው መጻፋቸውን ራሱ ነግሮኛል።

ሌሎችንም ዜናዎቻችንን መናቅ አይገባም። የሦስት ሰዓት ሥልጠና ተካፍሎ «ዓለም አቀፍ» የምስክር ወረቀቱን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ የሚያነሳ አለን፤ የፒኤችዲ ማመልከቻውን ያስገባ ዕለት ከስሙ ፊት «ዶ/ር» ያስገባም አለን። ከተማርንበት ግቢ ጋር ያለንን ትስስር በተመለከተ ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል፤ እኛ ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ መዝገበ ቃላት ገዝተን አናውቅም። በፊርማችን የተሳሰርንበት ሰነድ የወጪ መጋራት ውል ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም የምንከፍለው ኦሪጅናል ዲግሪያችን ለውጭ ጉዞ ያስፈለገን ቀን ነው።

ድንኳኑ በተነቀለ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት፣ አንዲት ሴት በመንደራችን መልእክት አስገባች። ባሏ አብሮን የተማረ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ጊዜ ዲያሊሲስ ያደርጋል፤ ያላቸውን ሸጠው ጨርሰዋል። ይህ ሰው የሴክሽናችን ሰቃይ ነበር። ፈተና በደረሰ ቁጥር ደብተሩ ከፎቶ ኮፒ ቤት አይወጣም፤ ካባ ያለበስነውም ሰው፣ ካባ ያለበሱትም፣ እኔም፣ በእርሱ የእጅ ጽሑፍ ነው የተመረቅነው። ሰባት ሰው የጸሎት እጅ ምልክት አደረገላት። ስምንተኛው የኬኩን ፎቶ ለጠፈ፤ ከዚያም ሠላሳ የድንኳን ፎቶ ተከተለ፤ ከቀትር በኋላ የሴትዮዋ መልእክት ወደ ላይ ሄዶ ጠፋ። ኮሚቴ አልተቋቋመም። ለጥልፍ ገንዘብ ነበረን! እንዲህ ያለው ነገር መዘንጋት አይባልም፤ ነውር ነው። ከሰባቱ እጆች አንዱ የእኔ መሆኑን ስለማውቅ ደግሞ ይህን የምጽፈው በደረቅ ዐይኔ ነው ብል እዋሻለሁ።

ረቡዕ ማታ ግን፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ የምሥራች ነበረን። ቡድን መሪው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተመልሰው ቁልፋቸውን ሲጠይቁ ተወካያችን ያለ አንዳች ማንገራገር አስረከበ። «በአገራችን ታሪክ ፈር ቀዳጅ የሆነ ሰላማዊ የሥልጣን ሽግግር» ተብሎ ተለጠፈ፤ ሮቶው ሥር ተራዬ እስኪደርስ ድረስ የእንኳን ደስ አለህ ጎርፍ አላቆመም። ውኃው ግን ከእኔ በፊት አለቀ።

ዛሬ ጠዋት በወጣው ማስታወቂያ መሠረት ቡድን መሪው ካልተጠቀሙበት ዕረፍት አምስት ቀን ይቀራቸዋል። የቅባት ነጠብጣብ ያረፈበት ካባ ለአስቸኳይ እጥበት ላውንደሪ ገብቷል፤ የመዋጮው የሒሳብ ቁጥርም ያው የፊተኛው ነው።