«በየትኛው በር ነው የሚገባው?»

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በዩቲዩብ ስም ያወጡ ወጣቶች ወደ ቴሌቪዥን መምጣታቸውን ለመቃወም አይደለም፤ በሩን ከከፈቱላቸው ሰዎች አንዱ እኔው ነኝ። የምጽፈው አንድ አዛውንት በእኛ ስቱዲዮ በእንግድነት የተቀመጡበት ምሽት ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ስለዚያ ምሽትም ራሴንም እናንተንም ይቅር ማለት ስላቃተኝ ነው።

የምሠራበት ጣቢያ የምሽቱን ዋና ሰዓት የሰጠው፣ ሰዎችን ባላሰቡት ነገር እየገጠመ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ድንጋጤና ደስታ በመቅረጽ ለታወቀ አንድ ወጣት ዩቲዩበር ነበር። ልጁን ለመቅጠር በተቀመጥንበት ስብሰባ እንግዳ እንዴት እንደሚያነጋግር፣ የሰማውን ወሬ እንዴት እንደሚያጣራ፣ ከማን ጋር ተመካክሮ እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም። የተከታዮቹ ብዛት ተነገረን፤ ቁጥሩን ስንሰማ የምንጠይቀው ሁሉ ጠፋን።

አዛውንቱ ከ30 ዓመት በላይ ያላዩትን ታናሽ ወንድማቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። የፕሮግራሙ ሠራተኞች ለወራት ሲያፈላልጉ ቆይተው «ስለ ወንድምዎ የምንነግርዎ አለን፤ ይምጡ» ብለው ጠሯቸው። የሚነገራቸው ግን ወንድማቸው ከሁለት ዓመት በፊት ማረፉ ነበር። ይህ በዕለቱ ጠዋት በዝግጅት ስብሰባችን ላይ ታውቋል፤ የተጻፈበትን ወረቀት አንብቤ ፈርሜበታለሁ። በጥናት ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ «ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ለብቻቸው ብንነግራቸውስ?» አለች። «ከነገርናቸው ምኑ ይታያል?» የሚል መልስ ተሰጣት። ይህን የመለሰላት ዩቲዩበሩ አልነበረም። በዚህ ሙያ ፀጉሬን ያሸበትኩት፣ ለአዳዲስ ጋዜጠኞች ስለ ሥነ ምግባር ሥልጠና የምሰጠው አርታኢ እኔ ነበርኩ።

ማምሻውን አዛውንቱ መጡ። አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ምልክት ገና አልተነሣችም። በላስቲክ የተጠቀለለ የሁለት ልጆች ፎቶግራፍ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ማይክ የሚያስርላቸውን ባለሙያ «በየትኛው በር ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁት። የሚመልሰው ስላልነበረው ቀና ሳይል ሥራውን ቀጠለ። የካሜራ ባለሙያውንም ጠየቁት፤ እሱም ዝም አለ። በመጨረሻ በራሳቸው ግምት የግራውን በር መርጠው፣ ወንድማቸው ሲገባ ፊት ለፊት እንዲያዩት ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው ተቀመጡ።

ሥርጭቱ እንደተጀመረ ልጁ «አባባ፣ ወንድምዎን ሲያገኙት መጀመሪያ ምን ይሉታል?» አላቸው። «ከቤት የወጣሁት የእሱን ጫማ አድርጌ ነው» አሉት። «ያን ጊዜ ሌላ ጫማ አልነበረውም። በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» ልጁ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ዝምታውን በደንብ ካስረዘመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መርዶውን ነገራቸው።

እኔ በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፊቴ ካሉት ሁለት ስክሪኖች በአንዱ የአዛውንቱ ፊት ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ሥርጭቱን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚከታተሉት ሰዎች ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። የካሜራ ባለሙያው በጆሮ ማዳመጫው «ላርቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቆይ» አልኩት። ወደ ማስታወቂያ የሚያሻግረውን ቁልፍ ብጫን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ዓይኔ ግን ቁጥሩ ላይ ነበር። አዛውንቱ ከተነገራቸው በኋላም ለጥቂት ጊዜ ከበሩ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። ከዚያ «እሺ» አሉ። ተነሥተውም ወንበሩን ወደ ነበረበት መልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አስቤያለሁ። ልጁ ሙያውን የተማረው ብቻውን ነው። የዩቲዩብን ገቢ ለመጋራት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ሲያስፈልገው፣ እነዚያን ሰዓቶች ደቂቃ በደቂቃ የለቀመ ልጅ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮዎችን የሚያስቀድምበትን ስሌት ከጠቅታ ብዛት ይልቅ ተመልካቹ በሚቆይበት ጊዜ ላይ እንዲመሠረት ካደረገ ወዲህ፣ ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻው መያዝና ተመልካችን በዝምታ ማስጠበቅ እንጀራቸው የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው። ልጁም ያን ምሽት ያደረገው የሚያውቀውን ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እናውቅ ነበር። አንድ ሰው መርዶ የሚሰማበትን ሰዓትና ቦታ የማክበር ግዴታ እንዳለብን፣ እንግዳ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ካሜራ ፊት እንደማይቀመጥ፣ አርታኢ የሚባለው ሰው የሚቀመጠውም «አይሆንም» ለማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ልጁ የጎደለውን ሊያገኝ ወደ እኛ ሲመጣ፣ እኛ የነበረንን ጥለን የእሱን ቁጥር ተሻማን።

ሽግግሩ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ የሚያሳዩ አሉ። አሜሪካዊቷ ደራሲና ተዋናይት ኢሳ ሬይ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩቲዩብ በጀመረችው ተከታታይ ድራማ ታውቃ በ2016 ኤችቢኦ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የራሷን ሥራ ስታቀርብ፣ ድራማውን አብሯት የፈጠረው በቴሌቪዥን ድርሰት ብዙ ዓመት የሠራው ላሪ ዊልሞር ነበር። አዲስ ከሚመጣ ሰው ጎን የቆየ ሰው መቆም እንዳለበት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እኔ በልጁ ጎን ተቀምጬ ነበር፤ አልቆምኩም እንጂ።

እናንተስ ወገኖቼ? በማግስቱ ከዚያ ምሽት 43 ሰከንድ ተቆርጦ፣ የሐዘን ሙዚቃ ተጨምሮበት በየስልካችሁ ገባ። ቴሌቪዥን ክብሩን አጣ፣ ሚዲያው ዘቀጠ እያላችሁ በየቀኑ የምትወቅሱን እናንተ ያን ቅንጫቢ ተቀባበላችሁት። የሚያለቅስ ምስል ለጥፋችሁ ወደ ቀጣዩ አለፋችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ትወና ነው» ብላችሁ አዛውንቱ ላይ ተሳለቃችሁ። ጣቢያው ለምን እንዲህ ያለ ሰው እንደሚቀጥር ስትጠይቁ፣ በዚያ ስክሪን ላይ ሲጨምር ያየሁት ቁጥር እናንተ እንደሆናችሁ አስቡ። ለእጄ መዘግየት እናንተን ተጠያቂ አላደርግም፤ እጁ የእኔ ነው። ነገር ግን ያን ምሽት አንድ ሺህ ሰው እንኳ ጥሎን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኔን የመሰለ ፈሪ ሰው ቁልፉን ይጫን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

ከሳምንት በኋላ ልጁ ቢሮዬ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። «ጋሼ» አለኝ፣ «ብቻዬን ስሠራ ተው የሚለኝ ሰው አልነበረኝም። እዚህ ይኖራል ብዬ ነበር የመጣሁት።» የምመልስለት ቃል አጣሁ። በማግስቱ ከዚያች የጥናት ክፍል ወጣት ጋር ሆነን ሦስታችንም አዛውንቱ ቤት ሄድን። ተቀበሉን፤ አስቀመጡን። የጠየቁን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቪዲዮው ይነሣ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዳያዩት። ከጣቢያው ገጽ የዚያኑ ዕለት አነሣነው። ልጁም ከራሱ ገጽ አነሣው፤ እስከዚያ ቀን ካቀረባቸው ሁሉ ብዙ ሰው የተመለከተለት እሱ ነበር።

የቀረው እናንተ ዘንድ ነው። በስልካችሁ ካለ አጥፉት፤ በገጻችሁ ላይ ከለጠፋችሁት አውርዱት። አስገድጄ የማስወርድበት መንገድ የለኝም። ባለፈው ወር ስፈልገው በ11 ገጾች ላይ አግኝቼው ለእያንዳንዳቸው ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ አንድም የለም። ትናንት ማታ እንደገና ስፈልግ ስምንት ቆጠርኩ።