ፊልሙ ነው ወይስ ጸጸቱ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ የወሲብ ፊልም ማየት ሰውን ይለውጣል? ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ባሕር ዳር ነዋሪ ናቸው። አንዷ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሌላው ሳይኮሎጂ ተመርቆ ስልክ ይጠግናል (ሥራ ሲጠፋ ምን ይደረግ)። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መምህርቷ፦ እኔ የምጀምረው ከክፍሌ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከኋላ ወንበር አንድ ስልክ ላይ ተደራርበው ሲንሾካሾኩ ስንቴ አይቻለሁ። ሒሳብ እየሠሩ እንዳልሆነ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ጥናት ካላችሁኝ ደግሞ ጥናት አለ። በ1989 አሜሪካ ውስጥ ዳግላስ ኬንሪክና ባልደረቦቹ ለወንዶች የፕሌይቦይ መጽሔት ዓይነት የራቁት ሴቶች ፎቶ አሳዩ። ከዚያ ስለ ሚስቶቻቸው ጠየቋቸው። ፎቶውን ያዩት ለሚስቶቻቸው ያላቸው ፍቅር ቀነስ ብሎ ተገኘ። ፎቶ ብቻ አይተው እኮ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ እያየ የሚያድር ልጅ ነገ ምን ዓይነት ባል ሊወጣው ነው?

ጠጋኙ፦ ቲቸር፣ እሱን ጥናት እኔም ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ስማር አውቀዋለሁ። ግን በ2017 ሮንዳ ባልዛሪኒና ባልደረቦቿ ያንኑ ሙከራ ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ ያ ውጤት ግን አልመጣም። ጣና ዳር ዓሣ ሲገዙ እንኳ ሚዛኑ ካጠራጠረዎት ሌላ ሚዛን ላይ ያስደግማሉ አይደል? ይኸው ነው የሆነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጆሹዋ ግራብስ የሚባል ተመራማሪ በ2015 የወሲብ ፊልም ከሚያዩ ሰዎች ውስጥ «የፖርን ሱስ ይዞኛል» የሚለው የትኛው እንደሆነ አጠና። ሰው ራሱን ሱሰኛ ብሎ እንዲያስብ ከሚያደርገው ነገር አንዱ ሃይማኖተኛነቱና «ይህ ነውር ነው» የሚለው እምነቱ ሆኖ ተገኘ፣ ምን ያህል እንደሚያይ ከግምት ገብቶም እንኳ። በየጾሙ መግቢያ ስልኩን ፎርማት የሚያስደርግ ደንበኛ አለኝ። ሰውዬውን የሚያሰቃየው ፊልሙ ነው ወይስ ጸጸቱ?

መምህርቷ፦ ጸጸትን በሽታ አታስመስለው! የተጸጸተው ንስሐ አባት አለው፣ እሱ አያሳስበኝም። ያልተጸጸተውስ? በ1982 ዚልማንና ብራያንት 160 ተማሪዎችን ከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ለ6 ሳምንት ብዙ የወሲብ ፊልም አሳዩ። በኋላ የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ አንብበው ቅጣት እንዲወስኑ ሲደረግ፣ ብዙ ያዩት ለደፋሪው አጠር ያለ እስራት ፈረዱ። ወንዶቹ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሴቶቹም ጭምር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ጠጋኙ፦ እሱ ያስፈራል፣ አልክድም። ግን ወረቀት ላይ ዓመት መቀነስና ወጥቶ ወንጀል መሥራት ለየቅል ናቸው። ዴንማርክ በ1969 የወሲብ ምስሎችን ሕጋዊ አደረገች። ተመራማሪው በርል ኩቺንስኪ የፖሊስ መዝገብ አገላብጦ ሲያይ አስገድዶ መድፈር አልጨመረም። ደግሞ ይሰለቻል! በ1970 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ 23 ወንድ ተማሪዎች በቀን 90 ደቂቃ፣ 15 ቀን እንዲያዩ ተደረገ። እየቆየ ፍላጎታቸው ወረደ። በዚያ ላይ ለእንዲህ ያለ ጥናት «እሺ» ብሎ የሚመጣው ራሱ ከሌላው ይለያል። ፔዳ በር ላይ ቆመው «የወሲብ ፊልም የሚያይ ፈቃደኛ» ብለው ይጥሩ እስቲ፣ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ደግሞ ፊቱን ሸፍኖ እንደሚሮጥ ያዩታል።

መምህርቷ፦ ይኸው አንተው አመጣኸው። አሁን የጠቀስከው ወይ ዴንማርክ ነው ወይ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የ20 ዓመት ጎረምሳ ስለሰለቸው የ14 ዓመት ልጅ ይሰለቸዋል? ልጅን እንዲህ ያለ ነገር አሳይቶ መሞከር ደግሞ አይቻልም፣ አይቻል! እና ያንተ ሙከራ ስለ እኔ ተማሪዎች ምንም አይነግረኝም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሜሞሪ ይዞ ሱቅህ ቢመጣና «ያንን ነገር ጫንልኝ» ቢልህ ትጭንለታለህ?

ጠጋኙ፦ አልጭንም። መጥተው ያውቃሉ፣ አባርሬአቸዋለሁ።

መምህርቷ፦ የትኛውን ጥናት አንብበህ?

ጠጋኙ፦ ሱቁ የእናቴ ነው፣ ቲቸር።