ከቁርጭምጭሚት በላይ አርሰናል

እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ግርጌ ወዳለው አቧራማ ሜዳችን ብቅ ያለ ሰው የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ በነጻ ያያል። አርሰናል አለ፣ ማንቸስተር አለ፣ ሊቨርፑል አለ፤ ሆዱ ቀድሞት ሜዳ የሚገባ አንድ ባርሴሎናም በእንግድነት አለ። ማሊያው ሁሉ ታጥቦ ተተኩሷል። ዓይኑን ወደ ታች ያወረደ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሸራ ጫማ አለ። የቢሮ ጫማ አለ። ከሰልቫጅ የተመረጠ፣ ግራው 41 ቀኙ 42 የሆነ ስኒከር አለ። አፉን ከፍቶ በማስቲሽ የተዘጋ፣ እንደገና የከፈተ ታኬታ አለ። በረኛችን የሚቆመው በነጠላ ጫማ ነው። «በረኛ የሚጫወተው በእጁ ነው» ይላል፤ እስከ ዛሬ መልስ ያገኘለት ሰው የለም።

ስማችን የጤና ቡድን ነው። ከጨዋታ በኋላ ሳያነክስ ወደ ቤቱ የሚሄደው ዳኛችን ብቻ ነው፤ እሱም ስለማይሮጥ።

ይህን ልማዳችንን የሚያሙ አሉ። እኔ ግን ብዕሬን ያነሳሁት ላመሰግን ነው።

ከቁጠባችን ልጀምር። ጨዋታው አልቆ አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባና ጥብስ ስናዝ፣ ሒሳብ ለመክፈል የምንተናነቅ ሰዎች ነን። «ዛሬ የእኔ ነው!» «በሞቴ፣ አይሆንም!» አንዱ የሌላውን እጅ ጠምዝዞ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል፤ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይታዘቡናል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው የጫማ ዋጋ ያነሳ እንደሆነ ግን ድፍን ጠረጴዛው ሐዘን ይቀመጣል። «ለኳስ? ይኼን ሁሉ ብር? በሳምንት አንዴ ለምትለበስ ነገር?»

ጫማ መጦርም እናውቅበታለን። ባለሙያዎች የመሮጫ ጫማ የሚያገለግለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፤ በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተረጋግጦ ያልቅና የመሬቱን ምት ለተረከዝና ለጉልበት አሳልፎ ይሰጣል። ቅብጠት ነው! ሐዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ያነሳው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አምበላችን ያን ጊዜ የጨፈረበት ስኒከር ዛሬም እግሩ ላይ አለ። ሶሉ ከመሳሳቱ የተነሳ ሳንቲም ቢረግጥ አንበሳው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ይለያል።

አዲስ ስንገዛም የምንመራበት ሳይንስ አለን። ቀለሙ ከማሊያው ጋር ይሄዳል? አበቃ። አንዳንድ ነገረኛ ግን እግሬ አበጥ የሚለው ወደ ማታ ነው ብሎ አምሽቶ ሱቅ ይገባል፤ ለኳስ የሚያደርገውን ካልሲ ይዞ ይመጣል፤ ቆሞ ከረጅሙ ጣቱ ፊት አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ይለካል፤ የተረከዙን ጀርባ ጨምቆ ጥንካሬውን ይፈትሻል። ይባስ ብሎ ጫማውን ያጥፈውና ወገቡ ላይ ከተቀለበሰ ይመልሰዋል፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ሥር ነው አሉ። ነጋዴ እንዲህ ያለ ደንበኛ አይወድም። ለእኛ ለጨዋዎቹ ግን መድኃኒት አለው፤ ከጠበበን «ሲለበስ ይሰፋል»፣ ከሰፋን «ካልሲ ይሞላዋል»።

ይህን ሁሉ የሚጠይቀን ከመጣ ደግሞ ጋሻችን ዝግጁ ነው። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ?» እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 ጨርሷል። ወሬ የሚያበላሹት ቀሪውን የሚያነሱ ናቸው። አበበ ባዶ እግሩን ሲለማመድ የቆየ፣ ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው የተወው ሰው ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማውን አጥልቆ በ2፡12፡11 ገባ። ሦስት ደቂቃ አሻሽሎ! እኛ ከአበበ የወረስነው ሮምን ነው። ቶኪዮ ገና አልደረስንም።

የራሴን ቁርጭምጭሚት ነገር ላጫውታችሁ። ከሁለት ወር በፊት ኳስ በግንባሬ ልመታ ዘልዬ ስወርድ ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ በውጪ በኩል ቋ አለ። ሦስተኛዬ ስለሆነ ድምፁን እንደ ዘመድ ድምፅ ነው የማውቀው። የቡድናችን ፍቅር የሚታየው ያኔ ነው። ሰባት ሰው ከበበኝ። «ወለምታ ናት፣ ርገጥባት፣ ትለቅሃለች!» አለኝ አንዱ። ሌላው ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ቅቤ ይዞ ያሸኝ ጀመር፤ ጩኸቴን እንደ ምርቃት ቆጠረው። እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። (ለካ ገና የተጎዳ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሲታሽ እብጠቱ ይብስበታል፤ የሚሻለው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ጠበቅ ያለ ፋሻና እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ደግሞ ራጅ ይነሳል። ይህን ያነበብኩት ከታሸሁ በኋላ ነው።) የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የትልቅ ክለብ ባለሙያ ሜዳ ሲገባ እንኳ «ወጌሻው ገባ» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ባለ ቅቤው ሰውዬ በማዕረጉ ቢኮራ አልፈርድበትም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ በቡድኑ ዘንድ እንደ ክህደት ነው የሚቆጠረው። ራጁ ስብራት የለም አለ። ወጣቷ ፊዚዮቴራፒስት እግሬን እያገላበጠች፣

«ጋሼ፣ ስንተኛዎ ነው?» አለችኝ።

«ሦስተኛ።»

«ማሰሪያ ያደርጋሉ?»

«ማሰሪያማ ቡድኑ አለው።»

«ቡድኑ?»

ማስረዳት ነበረብኝ። አንድ አባላችን ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ያመጣው ባለ ላስቲክ የጉልበት ማሰሪያ አለን። የጋራ ነው፤ ያመመው ያጠልቀዋል። የቀኝ ጉልበት አይቷል፣ የግራ ጉልበት አይቷል፣ አንድ ሰሞን የበረኛውን ክርን አስታሟል፣ የእኔንም ቁርጭምጭሚት ሁለት እሁድ ጎብኝቷል። ቀጭኑ ላይ ይንሸራተታል፣ ወፍራሙ ላይ እግር ያደነዝዛል። የሚታጠበው ለፋሲካ ነው። ሽታው ራሱ ተጋጣሚን ያርቃል፤ ይህም አንድ መከላከያ ነው።

ልጅቱ ስቃ ስታበቃ ታስረዳኝ ገባች። አንዴ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት መድገም ይቀናዋል፤ በክር የሚጠበቅ የራሱ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ በጣም የሚጠቅመው እንደ እኔ ላለው ደጋጋሚ ነው። ጅማቱም ሚዛን እንዲለምድ ጥርሴን ስፍቅ በአንድ እግሬ እንድቆም አዘዘችኝ። እግሬ ጠፍጣፋ መሆኑን አይቼ ጫማ ውስጥ የሚገባ መደገፊያ ላሠራ ወይ ብላት፣ «ያምዎታል?» አለች። አያመኝም። «እንግዲያው ይተዉት፤ ቢያምዎትም መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ በልክ ከሚሠራው አያንስም።» ገንዘቤን ልትቀበለኝ ያልፈለገች ባለሙያ! ጥርጣሬ ገባኝ።

ልማዱ ከሜዳ ጋር የሚቀር እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሳሎኗን ሴራሚክ ያስነጠፍኩላት እኔ ነኝ፤ እንግዳ ፊቱን የሚያይበት ዓይነት። ባለ አበባ ነጠላ ጫማ የገዛሁላትም እኔ ነኝ። ጠዋት ወለሉ ታጥቦ ሳይደርቅ በአንድ እጇ የሲኒ ትሪ፣ በሌላው ግድግዳውን ይዛ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ቡና ታቀርብልኛለች። ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ስስና ጠንከር ያለ፣ የማያንሸራትት ጫማ ልግዛልሽ ብላት፣ «እቤቴ ውስጥ ጫማ? ገበያ ልወጣ ነው?» አለችኝ። የእኔ ነገር በማን እንደወጣ አሁን ገባችሁ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ባለፈው እሁድ ማለት ነው፣ በአዲስ ታኬታና በክር በሚጠበቅ ማሰሪያ ሜዳ ተመለስኩ። «ሽማግሌው ተጠግኖ መጣ!» አሉ። «ጉምሩክ አለፈ?» አሉ። ኳስ በያዝኩ ቁጥር «ብረቱን ተጠንቀቁ!» የሚል ጩኸት ከመስመር ዳር ይመጣል። ዘጠና ደቂቃ ተጫውቼ ሳላነክስ ወጣሁ፤ ዳኛው ብቻ ነው ያጨበጨበልኝ።

ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫማዬን ስፈታ አምበላችን በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ። የ1999ኙ ስኒከር በመጨረሻ ለሁለት ተከፍሎ እጁ ላይ ነበር። አዲሱን ታኬታዬን አንስቶ ገለበጠው፣ ተረከዙን ጨመቅ አደረገው።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«42።»

«እኔ 44 ነኝ» አለና ትንሽ አሰበ። «ግድ የለም፣ ሲለበስ ይሰፋል።»