ኧረ ኦክስጅን ሰንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ለኩት!

ደብረ ብርሃን ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት ባለመኪና የሚገጥመው ነገር ያንገበግባል። የመመርመሪያ ኮምፒውተር ይሰካል፣ ኮድ ይወጣል፣ "ኦክስጅን ሰንሰር ነው፣ ይቀየር" ይባላል። አለቀ! ይህ ሰንሰር በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ ዕቃ ነው፤ ግን ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) አንሥቶ የሚፈትሸው የለም። ሰውየው ዕቃውን አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጎ፣ ብሩን ከፍሎ፣ አስገጥሞ ይወጣል። ጣርማ በር ሳይደርስ መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

ከሚወጡት ኮዶች አንዱ ፒ 0171 ማለት እኮ የአየርና የቤንዚኑ ቅልቅል ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ሰንሰሩ ያየውን መሰከረ እንጂ ተበላሸ አላለም። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ያመጣሉ። ከሰንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ከነፈሰም የውጭ አየር ይገባና ሰንሰሩን ያሳስተዋል። መጀመሪያ ይህ ይታይ!

"ከፍታው ነው" የሚሉም አሉ። አይደለም። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጤነኛ መኪና የሚገባውን አየር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል።

ፒ 0135 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሰንሰሩ ማሞቂያ ወይም የማሞቂያው መስመር ነው። ሰንሰሩ በትክክል የሚሠራው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ማሞቂያው ከሞተ በእኛ የጠዋት ብርድ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በግምት ቤንዚን ይጠጣል። ፊውዙን እዩ። ሶኬቱን ንቀሉና ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተር ተነሥቶ ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት ላይ ለማሞቂያው 12 ቮልት መምጣቱን አረጋግጡ። ከዚያ በሰንሰሩ በኩል ያሉትን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ሁለቱን የማሞቂያ ሽቦዎች በኦም ለኩ። እንደ መኪናው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኦም እስከ 15 አካባቢ ነው። ጭራሽ ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል፤ ያኔ ቀይሩት፣ ማንም አይወቅሳችሁም።

ማሞቂያው ደህና ከሆነ ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩ፣ ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ 2,500 ዙር ላይ ያዙት፣ ሰንሰሩ ለመኪናው ኮምፒውተር ምልክት የሚልክበትን ሽቦ ቮልት ተመልከቱ። ከ0.1 እስከ 0.9 ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት። ዝቅ ብሎ ከቀረ ነዳጅ መስጫውን ድንገት ርገጡ፤ ወደ 0.8 ከዘለለ ሰንሰሩ በሕይወት አለ፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ አንድ የቫኪዩም ጎማ ንቀሉ፤ ወደ 0.2 መውረድ አለበት። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም! ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በኋላ ያለው ሰንሰር ግን ረግቶ መቆየቱ ጤንነቱ ነው፤ "አይንቀሳቀስም" ተብሎ ስንቱ ደህና ሰንሰር ተጣለ። ብዙ አዳዲስ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ የፊተኛው የአየርና ነዳጅ ሰንሰር የሚባለው ነው፤ በዚህ ቮልት አይለካም፣ በተራ ኦክስጅን ሰንሰርም አይተካም።

አገጣጠሙማ ከሁሉ ይብሳል። ሰንሰሩን በፔንሳ መጠምዘዝ ምን ይባላል? ለዚሁ የተሠራ ባለ 22 ሚሊ ክፍት ቦክስ አለ። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ በእሱ ፍቱት። ፀረ ዝገት ቅባቱ ጥርሱ ላይ ብቻ ይቀባ፤ ጫፉን ከነካው ሰንሰሩን ይመርዘዋል። ሞተር የሚታሸግበት ተራ ሲሊኮንም እንዲሁ ይገድለዋል። ሽቦ ቆርጦ የሚቀጥል ደግሞ በቆርቆሮ አይበይድ! ብዙዎቹ ሰንሰሮች የሚያነጻጽሩበትን ንጹሕ አየር የሚስቡት በሽቦው ክሮች መሀል ነው፤ ብየዳው ያንቀዋል። በመጭመቂያ ማያያዣ ይቀጠል። ሶኬቱ ውስጥም ግሪስ አይግባ።

ባለመኪኖች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት "ስንት ቮልት አነበበ?" በሉ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሥታችሁ፣ ወደ 0 የወረደ ንባብ ካሳዩአችሁም አትደንግጡ። በቁልቁለቱ የመኪናው ኮምፒውተር ቤንዚን ስለዘጋ ነው።