ፀጉሯን ወደዳችሁ፣ እሷን ግን ረሳችኋት

ዛሬ ልናገር ነው። እስከ ዛሬ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ይቀየሙኛል እያልኩ ዋጥ ሳደርገው ኖሬያለሁ። አሁን ግን አልቻልኩም።

ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ካርቶን ታቅፋ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጣች። «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ እስቲ ለጥቂት ቀን ያዥልኝ» አለችኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከዚያ መዳብ የመሰሉ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አየሁ። ልዕልት ናት።

ልዕልትን አውቃታለሁ። ፐርሺያ የምትባል ባለ ረጅም ፀጉር ድመት ናት፣ ነጭ። የሦስት ወር ግልገል ሆና ለልደት ስጦታ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀን ፎቶዋን ያልተቀባበለ ዘመድ አልነበረም። አንገቷ ላይ ሪባን ታስሮላት ሶፋ ላይ ቁጭ ብላለች። «ባዘቶ!» ያላለ የለም። እውነትም ባዘቶ ነበረች። ከዘጠኝ ወር በኋላ ካርቶን ውስጥ ያገኘሁት ግን ባና ነው። ፀጉሯ ከሆዷ እስከ ብብቷ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ጭራዋ መነሻ ተያይዞ ደድሯል። የብብቷ ቋጠሮ እግሯን ከደረቷ ጋር የሰፋው ይመስላል። ስትራመድ እግሯን መዘርጋት አትችልም። የግራ ብብቷ ሥር ደግሞ ቁስል አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ፀጉሩ አልፈታ ሲለን በመቀስ ልንቆርጠው ሞከርን። ትንሽ ቆዳዋን ነካት» አለችኝ።

ትንሽ! የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል ቆዳ ሄዷል።

እስቲ ስሙኝ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ልልም ነው። ፀጉሩ ሲቋጠር ቆዳውን ስቦ ቋጠሮው ውስጥ ያስገባዋል። ከላይ ስታዩት ፀጉር ብቻ ይመስላችኋል። መቀሱ የሚያገኘው ግን ቆዳውን ነው። ስለዚህ በእናታችሁ፣ የተተበተበ ድመት ላይ መቀስ አታንሱ። ካልተፈታ በማሽን መላጨት የሚችል ሰው ፈልጉ። ካልሆነም ተቀምጣችሁ ፍቱት።

እኔ አራት ማታ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ማታ ላይ መብራት ጠፋና እህቴ የስልኳን መብራት ያዘችልኝ። የበቆሎ ስታርች ነሰነስኩበት፣ ቋጠሮውን ያላላዋል። ከዚያ በጣቴ እየፈለቀቅሁ፣ በሰፊ ማበጠሪያ እየተከተልኩ ገባሁበት። አፈታቱን ሹሩባ እየተሠራች ያደገች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እናቴ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ስታበጥረኝ ከጫፉ ነበር የምትጀምረው። እንዳያመኝ ሥሩን በሌላ እጇ ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ መሀሉ፣ በመጨረሻ ሥሩ። ድመትም ያው ናት። ልዕልት በመጀመሪያው ማታ ነክሳኛለች። በሦስተኛው ማታ የቀኝ ብብቷ ሲፈታ ግን እግሯን ወደ ፊት ዘረጋችው። ዘረጋችውና እዚያው አቆየችው። መልሳ አልሰበሰበችውም። እህቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

ቁስሉን ያየልን የእንስሳት ሐኪም ውሎው ከላምና ከበሬ ጋር ነው። ግን እግዜር ይስጠው፣ ጊዜ ወስዶ አጽድቶ መድኃኒት ሰጠን። በእሱ ቅሬታ የለኝም። እኔን ያቃጠለኝ የኛ የባለቤቶቹ ነገር ነው።

«ድመት አይደለች እንዴ? ራሷን ታጸዳለች» ይሉኛል። አዎ፣ የሰፈራችን ውሮ ራሷን ታጸዳለች። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ምላሷ ይደርስበታል። የፐርሺያ ፀጉር ግን ድርብ ነው። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ረጅም ፀጉር አለ። ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሌላ ፀጉር አለ። ከሥር የረገፈው ከላይኛው ጋር ተያይዞ እዚያው ይቀራል። የላሰችውን ደግሞ ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ይጠቀለልና ታስመልሰዋለች። ያኔ «ተመርዛለች!» እያላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። አልተመረዘችም። አላበጠራችኋትም። በቀን 15 ደቂቃ ነው የጠየቀቻችሁ። ቡና አንደኛው ተቀድቶ ሁለተኛው እስኪደርስ ያልቃል።

ሌላው የሚያናድደኝ የሙቀቱ ነገር ነው። ባሕር ዳር ሚያዝያና ግንቦት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከ30 ዲግሪ ያልፋል። እኛ እንኳ ዘንባባ ጥላ ሥር ተጠግተን ነው የምንውለው። የአጎቴ ልጅ ልዕልትን በረንዳ ላይ በገመድ አስራት ሥራ ትውል ነበር። ለምን ስላት፣ አንድ ጎረቤት «ይቺኮ የፋርስ ናት፣ የበረሃ አገር ድመት ሙቀት አይበግራትም» ብሎ መከራት። እሷም አመነች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው።

የፋርስ መባሏ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1620 ገደማ ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ የሚባል ጣሊያናዊ ተጓዥ ፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን ነበር። ኮራሳን በሚባል የፋርስ ክፍል ያሉ ባለ ረጅም ፀጉር ድመቶችን አይቶ ወደዳቸው፣ ወደ አገሩም እንደወሰዳቸው ይነገራል። በዚያው ዘመን ከቱርክ፣ ከዛሬዋ አንካራ፣ ሌሎች ባለ ረጅም ፀጉር ድመቶች ፈረንሳይ ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የአውሮፓ ታሪክ ነው። እንግሊዞች ቤት ውስጥ እየመረጡ አዳቀሏቸው። ሃሪሰን ዌር በ1871 ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ ያዘጋጀው የድመት ውድድር ላይ ቀርበው ሰው ተደንቆባቸዋል። በ2008 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ የዛሬዋ ፐርሺያ ከመካከለኛው ምሥራቅ ድመቶች ይልቅ ለምዕራብ አውሮፓ ድመቶች እንደምትቀርብ አሳይቷል። ስሟ ነው የፋርስ። ፀጉሯም ፊቷም የሰው እጅ ሥራ ነው። የምን በረሃ?

እንኳን በረሃ፣ የኛን ግንቦትም አትችለውም። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የአየር መተላለፊያዋ ጠባብ ነው። ድመት እንደ ውሻ ምላሷን አውጥታ አታለከልክም። ቁና ቁና ስትተነፍስ ካያችኋት አደጋ ላይ ናት፣ ፎቶ አታንሷት። ጥላ ውስጥ አስገቧት፣ ሴራሚክ ላይ አስተኟት፣ እርጥብ ጨርቅ አድርጉላት፣ ወዲያው ሐኪም ፈልጉ። «እንዲቀላት ሙልጭ አድርገሽ ላጫት» የምትሉኝም አላችሁ። ፀጉሩ ከፀሐይም ይከላከልላታል። ከተበጠረ አየር ያስገባል። የሚያፍናት ያልተበጠረው ነው።

ዓይኗን አይተው «ምን ሆና ታለቅሳለች?» የሚሉም አሉ። አታለቅስም። ፊቷ ሲጠፈጠፍ የእንባዋ ቧንቧ ተጣመመ። እንባው ወደ አፍንጫዋ መውረድ ሲያቅተው በጉንጯ ይወርዳል። ካልተጠረገ ፀጉሩን ቡናማ ያደርገዋል፣ ቆዳውንም ያቆስለዋል። ጠዋት ጠዋት በለብታ ውኃ በራሰ ጥጥ መጥረግ ነው፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ጥጥ። ሳህኗም ዝርግ ይሁን፣ ጎድጓዳ ውስጥ ፊቷ አይገባም። የድሮዎቹ ፐርሺያዎች አፍንጫ ነበራቸው። ጠፍጣፋው ፊት የበዛው በውድድር ላይ እሱ ስለተሸለመ ነው። ሰው ስላማረው እንስሳ ትንፋሽ ይጠራት? ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለሻጮቹም ቃል አለኝ። በስልክ ፎቶ ልካችሁ ብር የምትቀበሉ፣ ስለ ኩላሊት ለምን አትናገሩም? ፐርሺያዎች የሚወርሱት የኩላሊት በሽታ አለ። ኩላሊቱ ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይዛ ትወለዳለች፣ ቀስ እያሉ ያድጋሉ። ብዙዎቹ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ምልክት አያሳዩም። ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ይበቃል። ምርመራ በተጀመረባቸው አገሮች ከፐርሺያዎች ሲሶ ያህሉና ከዚያ በላይ ተገኝቶባቸዋል። በአልትራሳውንድ ይታያል። እናትና አባቷ ታይተዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን አላጋጠመኝም። የሚጠየቀው «ፀጉሯ ይረዝማል?» ነው። ረጅም ፀጉር ብቻውን ደግሞ ፐርሺያ አያደርግም። ከሁለት ወገን የሚወረስ ነገር ስለሆነ ሁለት ባለ አጭር ፀጉር የሰፈር ድመቶችም ባለ ረጅም ፀጉር ሊወልዱ ይችላሉ። እሷን «ኦሪጅናል ፐርሺያ» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው።

ምግቡን ሳነሳ ሆዴ ይብሳል። ልዕልት ሁዳዴን ሙሉ ሽሮ ፍትፍት ነው የበላችው። ሃምሳ አምስት ቀን! «ቤቱ ጾመኛ ነው፣ ሥጋ ከየት እናምጣ» አለችኝ። እኔም እጾማለሁ። ድመት ግን አትጾምም። ሰውነቷ ከሥጋ ካልሆነ የማያገኘው ታውሪን የሚባል ነገር አለ። ከጎደላት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗ ይጠፋል። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እኛኮ ጣና ዳር ነን! አሳ አጥማጆቹ የቀረሶ ጭንቅላትና ትርፍራፊ ሲጥሉ ድመቶች ተሰልፈው ሲጠብቁ በየቀኑ እናያለን። ትንሽ አምጥታችሁ ቀቅሉ፣ እሾሁን ለቅማችሁ አውጡ፣ ያለ ጨው ስጡ። ጥሬውን አይሁን፣ አሳ ብቻም አይሁን። ዶሮ፣ የዶሮ ልብ፣ ሥጋ ቀላቅሉበት። ወተቱንም ተዉት፣ ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ አይስማማትም። ተቅማጥ ሲይዛት የኋላ ፀጉሯ ላይ የሚሆነውን እኔ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ቁንጫ ሲይዛት ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አታድርጉባት። ፐርሜትሪን የሚል ከተጻፈበት ለድመት መርዝ ነው፣ ይገድላታል። ዕቃው ላይ ያለውን ሳታነቡ ጠብ እንዳታደርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ስናገር አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው «አንቺ ልጅ፣ ለፈረንጅ ድመት ይሄን ያህል መድከም ምንድነው?» አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፣ ዝም አልኩ። መልሴ ግን አለኝ። ፈረንጅ በኛ ስም አቢሲኒያን ብሎ የሚጠራት ድመት አለች። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ፣ ዙላ የምትባል ድመት ከዚህ ወደ እንግሊዝ ሄዳለች ይባላል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት ወደብ ነው። የዘረ መል ጥናቱ የዝርያውን ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስደዋል እንጂ ወደኛ አያመጣውም። ስሙ ግን የኛው ነው። አቢሲኒያን አጭር ፀጉር ናት። ከመካከላቸው አልፎ አልፎ ባለ ረጅም ፀጉር ሲወለድ አርቢዎች እንደ ጉድለት ይቆጥሩት ነበር። በ1960ዎቹ ግን ኤቭሊን ማግ የተባለች አሜሪካዊት ተሟገተችላቸው። ሶማሊያ የአቢሲኒያ ጎረቤት ናት ብላ «ሶማሊ» አለቻቸው። እንደ ጉድለት ለተቆጠረ ፀጉር የተከራከረች ሴት አለች እያልኳችሁ ነው። እኛ ፀጉሩን ወደን ገዝተን ማበጠር ያቅተን?

ፐርሺያ ስትያዝ ምን ዓይነት ፍጥረት መሰለቻችሁ! አትዘልም፣ ዕቃ አትሰብርም፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ማታ ሥራ ውዬ ስገባ ልዕልት በር ላይ አትሮጥም። እዚያው ሆና ታየኛለች። ስቀመጥ ቀስ ብላ መጥታ እግሬ ላይ ትተኛለች፣ ማበጠሪያውን ሳነሳ አንገቷን ትሰጠኛለች። ያቺ የነከሰችኝ ድመት።

ትናንት የአጎቴ ልጅ ደወለች። ፎቶ ልኬላት ነበር። «ወይኔ እንዴት አምሮባታል! እሁድ እንግዶች አሉኝ፣ መጥቼ ልውሰዳት» አለችኝ።

ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ የምፈልገውን ነገርኳት። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ እኔ ቤት ትምጣ። ፊቴ ተቀምጣ ታበጥራት። ዓይኗን ትጥረግላት። ልዕልት እጇን ከለመደች ትውሰዳት፣ አልከለክልም። «በእንግዳ ሰዓት የምትታይ የቤት ዕቃ ከፈለግሽ ግን ከእኔ ቤት አትወጣም» አልኳት። ተቀየመችኝ መሰለኝ፣ ስልኩን ዘጋችው።

ዛሬ ማታ አልመጣችም። ማበጠሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ልዕልት መስኮቱ ሥር ሴራሚኩ ላይ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች። የግራ ብብቷ ላይ ፀጉር መብቀል ጀምሯል።